ከጨው የተረፈው ሥጋ በል ቀንድ አውጣ

ዛሬ ጠዋት እትዬ አስካለ ቀንድ አውጣ ላይ ጨው ሊነሰንሱ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ። በዕድሜ የሚበልጡኝን ሰው እንዲህ አድርጌ አላውቅም።

ኮሎምቢያ ሲቲ በሚባለው ሰፈራችን ባለው የጋራ አትክልት ቦታ መደባችን ጎን ለጎን ነው። የሁለታችንም ጎመን በቀንድ አውጣ ተበልቶ ወንፊት ሆኗል።

"ልቀቂኝ እንጂ፣ ዘመድሽ ነው?" አሉኝ።

"ጎመን የሚበላው ይሄ አይደለም እትዬ። ቅርፊቱ ጠፍጣፋ ነው፤ ከሥሩም ሰፊ ቀዳዳ አለው። ቤተሰቡ ሌላ ነው። ጥርሱ እንደ ጦር የሾለ ስለሆነ ሌሎቹን ቀንድ አውጣዎች ቅርፊታቸው ውስጥ ገብቶ ይበላቸዋል።"

"ዛሬ አርብ አይደል እንዴ? በጾም ሥጋ ይበላል?"

ሳቅኩ። ይህን ሁሉ ያነበብኩት ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ነው። እሱ "መጀመሪያ እዪው" እያለኝ፣ እኔ ሳላይ ስንቱን በጨው ጨረስኩ። አሁንም ይከነክነኛል።

እትዬ አስካለ ጨዉን ወደ ከረጢቱ መለሱ። ከዚያ ቀንድ አውጣውን በቅጠል አንስተው ወደ ራሳቸው መደብ ወሰዱት።

"ኦኬ፣ እኔ ጋ ይግደፍ" አሉ።

የእኔ ጎመን እንደሆነ አሁንም እየተበላ ነው። እናንተስ፣ ጠላት መስሏችሁ ልታጠፉት ስትሉ ወዳጅ ሆኖ ያገኛችሁት ፍጥረት አለ? እስቲ አጫውቱኝ።