ሆዴ አፉን ሲፈታ

የሞጣ ልጅ ነኝ፤ በደርግ ጊዜ ብቸና አስተማሪ ነበርኩ። ሁዳዴን የጀመርኩት እንደ ሰው ነው። ፋሲካ ሲመጣ ግን መብላት አስጠላኝ፤ መክሳቴንም ወደድኩት። ሦስት ዓመት በጾም ስም ከምግብ ሸሸሁ፤ አገሬው «ቅድስት ናት» አለኝ። ስሙ ጣመኝ፤ ሌላ የሚጥመኝ ነገር አልነበረማ።

ክፍል ውስጥ ተዝለፍልፌ የወደቅኩ ዕለት የንስሐ አባቴ መምሬ ፋንታ መጡ። «ቤተ ክርስቲያን ያላዘዘችውን ጾም ማን አዘዘሽ? ቀኖናሽ በቀን ሦስት ጊዜ መብላት ነው» አሉኝ። ስግደት ቢያዙኝ ይቀለኝ ነበር።

ለወራት ሁለት ጉርሻ ሽሮ እንደ ድንጋይ ከበደኝ። ከዚያ ረሃቡ ሳላስበው መጣ፤ ቁርስ በልቼ እጄን ሳልታጠብ ምሳ ያምረኝ ጀመር። ጊዜም ቦታም አያውቅም። አንድ ቀን በቀበሌ ስብሰባ ሊቀ መንበሩ «የሚቃወም አለ?» ብሎ አዳራሹ ጸጥ ሲል፣ ሦስት ዓመት ዝም ያለው ሆዴ አፉን ፈታ። እስከ በሩ ድረስ ተሰማ።

«ጓድ አመተ ሥላሴ፣ ተቃውሞ አለዎት?» አለ ሊቀ መንበሩ።

«እኔ ደግፌያለሁ» አልኩ፣ ከኪሴ ቆሎ እየዘገንኩ። «ሆዴ ግን ቀኖና ላይ ነው።»