አስከሬን የሌለው ቅሬ

በእኛ ቀበሌ ቅሬ፣ ማለትም የቀብር ዕድራችን፣ ሲጠራ ለምን አይባልም። የሚያርሰው በሬውን ፈትቶ፣ ሊጥ የምታቦካውም ሊጧን ከድና ትወጣለች። እስላሙም ክርስቲያኑም ቅሬው አንድ ነው፤ የአባቴን መቃብር ከቆፈሩት አብዛኞቹ ከመስጊድ የመጡ ነበሩ። የቀረ ይቀጣል፣ የዘገየም ይወቀሳል። ይህን ሁሉ ሰው ከየቤቱ የሚያወጣው የአንድ ሰው ድምፅ ነው፤ እሱም የጎረቤቴ የኑርዬ።

ኑርዬ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ባለች ማሳው ምስርና ሽንብራ የሚዘራ ገበሬ ነው። ሰውነቱ ቀጭን ነው፤ ያ ድምፅ ከየት እንደሚወጣ ፈጣሪ ይወቅ። ከጉብታው ላይ ቆሞ ሲጣራ ከውሃው ማዶ ይሰማል። "አንተ ሰው፣ አንድ ቀን እንኳ ለሰርግ ጥራን እንጂ" እያልን እናሾፍበታለን። እሱ የሚመካው ግን በድምፁ አልነበረም። የሚመካው በልጁ በሳጂዳ ነበር።

ሳጂዳ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። ትምህርት ቤታችንን ደግሞ፣ ይቅር በሉኝና፣ ትምህርት ቤት ብሎ ለመጥራት ድፍረት ይጠይቃል። በጦርነቱ ጊዜ የተነቀለው በር እስካሁን አልተተካም። በሩስ ይቅር፤ የሒሳብ መምህሩ ከሄደ ሁለት ዓመት ሙሉ ምትክ አልመጣም። ኑርዬ የወላጅ ኮሚቴ ስለነበር ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሲመላለስ ጫማው አለቀ። መልሱ ሁልጊዜ "ይላካል" ነው። የወረዳውን ስም አልጠራም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ፈተናው ሲደርስ ልጆቹን በአውቶብስ ጭነው ደሴ ወሰዷቸው፤ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አስገብተው ፈተኗቸው። ሳጂዳ ስትመለስ "ሒሳቡ እንዴት ነበር?" ብላት፣ "አያ ሽታው፣ ማንበቡንማ አነበብኩት" አለችኝ። ውጤቱ ሲመጣ ከትምህርት ቤታችን አንድም ልጅ አላለፈም። አንድም።

በማግስቱ ከኑርዬ ጋር አጥር ስንጠግን ሳጂዳ መጥታ አጠገባችን ቆመች።

"አባዬ፣ መምህር ከመጣ እደግማለሁ። ካልመጣ ግን ከመስኡዳ ጋር ጂዳ እሄዳለሁ" አለችው። መስኡዳ የአክስቷ ልጅ ናት፤ ከደላላ ጋር ተነጋግራ የመሄጃዋን ቀን ትጠብቅ ነበር።

"አብሽሪ። ኢንሻአላህ መምህሩን አመጣልሻለሁ" አላት።

እኔ በልቤ፣ ይሄ ሰውዬ መምህር ከሽንብራ ጋር የሚበቅል መሰለው እንዴ አልኩ።

ያን ሰሞን የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ስለ ውጤቱ ሕዝቡን ለማወያየት ሐሙስ እመጣለሁ ብሎ አስነገረ። እንዲህ ያለውን ስብሰባ እናውቀዋለን። ሰው ሰልችቶት ይቀራል፤ ጥቂት ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ፤ ኃላፊው "ተማሪው አላጠናም፣ ወላጁ አልተከታተለም" ብሎ መኪናው ውስጥ ይገባል። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የኛ ዝምታ ግን ነቅዟል። ኑርዬ ይህን ያውቃል። ሰዉ ለስብሰባ እንደማይወጣ፣ ለቅሬ ግን እንደሚወጣም ያውቃል።

ሐሙስ ገና ሲነጋ ከጉብታው ላይ ተጣራ። "ቅሬ ውጣ! ትምህርት ቤት! ቅሬ ውጣ!" የሟች ስም አልጠራም። እኛም ተማሪ ሞቷል ብለን ደነገጥን። ወንዱ እንደ ወጉ አካፋና ዶማውን ተሸከመ፣ ጎረምሶቹ ቃሬዛውን አነሱ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቤት ያፈራውን እህል ይዘው መጡ። የትምህርት ቤቱ ሜዳ በሰው ሞላ።

"ማነው የሞተው?" አሉ የቅሬው ዳኛ ሸህ ኸሚስ።

"ሰው አልሞተም" አለ ኑርዬ። "ለስብሰባ ብጠራችሁ አትመጡም። ልጆቻችን በቁማቸው ሞተውብናል። ኃላፊው ሲመጣ ሁላችንም አብረን እንድንጠይቀው ብዬ ነው።"

ሕዝቡ አጉረመረመ። ሰው ሳይሞት ቅሬ መጥራት ሟርት ነው። ሚስቱ አሚናት ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ሸህ ኸሚስ ሊናገሩ ሲሉ የኃላፊው መኪና ከመታጠፊያው ብቅ አለ።

እስቲ በእሱ ዓይን እዩት። ጥቂት ሽማግሌ ጠብቆ የመጣ ሰው፣ አካፋና ዶማ የጨበጠ ወንድ ቃሬዛ አዘጋጅቶ ሲጠብቀው! ጊዜውም ጥሩ ጊዜ አልነበረም፤ በየአቅጣጫው ተኩስ የሚሰማበት ሰሞን ነው። መኪናው እዚያው ዞሮ ተመለሰ። እኔ ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ፖሊሶች መጥተው ኑርዬን ሲወስዱት ግን ሳቁ የት እንደገባ አላውቅም። ሕዝብ አስታጥቀህ መንግሥት ላይ አነሳስተሃል ተባለ።

ቅሬው ለፍርድ ተቀመጠ። ሸህ ኸሚስም ፈረዱ። "ኑርዬ ያለ ሟች ጠርቷል፤ ከእንግዲህ ጠሪያችን አይደለም። የሱን ጥፋት እኛው ቀጣነው። የጠየቀው ጥያቄ ግን የሁላችንም ነው፤ ይዘነው እንሄዳለን። አካፋው ቤት ይቅር።"

ከተማ ወርደን ጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ላይ ለቅሶ እንደሚቀመጥ ሰው ተቀመጥን። መፈክር የለም፣ ጩኸት የለም። ለቀስተኛ ማባረር ለወሎ ልጅ አይሆንለትም፤ ጥበቃው ሊያስነሳን መጥቶ ቆቡን አውልቆ ተመለሰ። በመጨረሻ ኃላፊው ራሱ ወጣ።

"አባቶች፣ ምን ሆናችሁ?"

"ለቅሶ ልንደርስ ነው" አሉት ሸህ ኸሚስ።

"ማን ሞቶ?"

"ልጆቻችን ናቸዋ የወደቁት። ለቅሶ የመጣ ሰው ሕመሙ ምን ነበር ብሎ ይጠይቃል። እስቲ ንገረን ልጄ፣ በምን ተጎዱ?"

ደረጃው ላይ ተቀመጠ። "ተማሪዎቹ አላጠኑም" ብሎ ጀመረ።

"ያለ መምህር?" አለች አሚናት።

"በጀት ከላይ አልተለቀቀም።"

"መምህር ጎደለን ብላችሁ ጠይቃችሁ ነበር ወይ?" አሉት ሸህ ኸሚስ።

የመኪናውን ቁልፍ በእጁ ያገላብጥ ጀመር። እኛ ጠበቅነው። ዝምታን ለቅሶ ቤት ለምደነዋል፤ እሱን ግን ያቁነጠንጠው ነበር።

"አልጠየቅንም" አለ በስተመጨረሻ። "ጎደለኝ ያለ ይወቀሳል። ሁሉም ተሟልቷል ብለን ነው ለበላይ የተናገርነው።"

ሁለት ዓመት ሙሉ ልጆቻችን ባዶ ክፍል ሲቀመጡ፣ ከላይ ላሉት መምህር ነበራቸው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው። ዕድሜዬን እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። ሸህ ኸሚስ ግን ድምፃቸውን እንኳ አላነሱም። "እውነቱን ስላወጣህ አላህ ይስጥህ። አሁን መምህሩን አምጣ፣ ኑርዬንም አስፈታ። እስከዚያ ለቅሶው አይነሳም" አሉት።

ለቅሶው አልተነሳም። እየተፈራረቅን ስንቀመጥ ሰንብተን ኑርዬ በዋስ ተፈታ።

ቤቱ ሲገባ ሳጂዳ የለችም። "አባዬ የታሰረው በኔ ምክንያት ነው፤ እኔ ከሄድኩ መምህር የሚጠይቅበት ምክንያት ስለማይኖረው ይለቁታል" ብላ ለጎረቤት ተናግራ፣ እናቷ ከኛ ጋር ለቅሶ ተቀምጣ ሳለች ከመስኡዳ ጋር ወጥታለች። ኑርዬ እስከ ባቲ ድረስ ተከትሎ ሄዶ ባዶ እጁን ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ድምፅዋ ጠፋ።

መምህሩ መጣ። ሙስዓብ የሚባል ወጣት ነው፤ ማደሪያ ስላልነበረው ኑርዬ "የልጄ ክፍል ባዶ ነው" ብሎ ወሰደው። ሲያስተምር አይሰለችም። ልጆች በመንገድ ላይ በሒሳብ ሲከራከሩ እሰማለሁ፤ ደስ ይለኛል፤ ወዲያው ግን ሳጂዳ ትታወሰኛለች።

ባለፈው አርብ ኑርዬ ቤት እሱ፣ ሙስዓብና እኔ ምሳ ቀርበን ሳለ ስልኩ ጮኸ። ሳጂዳ ነበረች። ጂዳ ገብታ ሰው ቤት ሥራ ጀምራለች። ኑርዬ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለከፈተው ሁላችንም ሰማናት። አልሐምዱሊላህ ተባባሉ፤ እናቷን ጠየቀች፣ ላሚቱን ጠየቀች።

"አባዬ፣ የሒሳብ መምህር መጣ እንዴ?" አለች።

ኑርዬ ሙስዓብን አየው። ሙስዓብ የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠ።

"የለም ልጄ" አለ ኑርዬ። ያ ከውሃ ማዶ የሚሰማ ድምፁ አጠገቡ ላለሁት ለኔም በጭንቅ ደረሰኝ። "አልመጣም።"

"እንኳንም አልጠበቅኩ" አለች።

"እንኳንም ልጄ" አላት።