ብረቱን የሠራው እሱ ነው

የእስር ክፍሏ ውስጥ መጀመሪያ ያየሁት ከበሩ ጀርባ የተደረደረውን ጫማ ነው። ሃያ ሁለት ጥንድ ቆጠርኩ። ከውጭ የታክሲ ረዳት «ተክለ ሃይማኖት! ተክለ ሃይማኖት!» ሲል ይሰማል። ጌጃ ሰፈር ያለው ቤቴ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም።

የዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር ነኝ። የተያዝኩት የታሰሩ ባልደረቦቻችን ይፈቱ ብዬ በፈረምኩት ደብዳቤ ነው። ቦርሳዬ ሲፈተሽ ግን ጥቁር ዱቄት፣ ወፍራም የብረት ቱቦና ቀስቶች የተሣሉበት ደብተር ተገኘ። ቀስቶቹ የብረት አተሞች ማግኔት ወዴት እንደሚያይ የሚያሳዩ ናቸው፤ ለመርማሪው የጦር ካርታ መሰሉት። ደብተሩ መጨረሻ ላይ ለጥናቴ ያዘጋጀሁት ምስጋና ነበር፦ ቱቦውን በቶርኖ የሠሩልኝ፣ ጋሼ የምላቸው የሰፈሬ ሽማግሌ ስም፣ ከነአድራሻቸው። የሙያችን ወግ ነው፤ የረዳህን ሰው ስም ትጽፋለህ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ መርማሪው ቱቦውን ጠረጴዛው ላይ እያንከባለለ።

ዱቄት መጠቅጠቂያ ነው ብዬ ለማስረዳት ሁለት ደቂቃ ይበቃኝ ነበር። ፈራሁ።

«ብረቱን የሠራው እሱ ነው፤ እሱን ጠይቁት» አልኩ፣ ከደብተሩ ስማቸውን ጠርቼ። ዕድሜ ልኬን አንቱ ያልኳቸውን ሰው! ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ፈርሜ ወደ ክፍሏ ተመለስኩ።

በማግስቱ ጋሼን የሥራ ቱታቸውን እንደለበሱ አመጧቸው። ከጎኔ ቦታ ለቀቅኩላቸው። ምሳ ሊደርስ ሲል ወደ እኔ ዞሩ።

«ለመሆኑ ያ ብረት ለምን ነበር?»

ለማውራት አፈርኩ፤ ግን ጠይቀውኛል። የሌሊት አተኛኘታችንን በእጄ አሳየኋቸው፦ አንዱ ረድፍ ራሱን ወደ በሩ፣ ቀጣዩ ወደ ግድግዳው።

«ዱቄት መጠቅጠቂያ ነው። ዱቄቱ የብረት ውሕድ ነው፤ እሱ ውስጥም የብረቱ ትንንሽ ማግኔቶች እንዲህ ይደረደራሉ። ኤሌክትሪክ ያለ አንዳች እንቅፋት እንዲያልፍ ከተፈለገ ማግኔት ጠላት ነው ይባል ነበር። ግን ጥቂት አተሞች ሲቀየሩ ድርድሩ ይላላል፤ ያኔ በጣም ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪኩ ሳይታገድ ይፈሳል። ኤሌክትሮኖቹን ጥንድ ጥንድ የሚያደርጋቸው ራሱ የላላው ማግኔት መንቀጥቀጥ ሳይሆን አይቀርም፤ ገና አልተረጋገጠም።»

«ጠላት ያላችሁት አስታራቂ ሆነ በለኛ።»

«ይመስለናል ጋሼ።»

«እና እኔ በዚህ ነው የታሰርኩት?»

«በእኔ ነው። ስምዎን የጠራሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ፊርማህን አሳይተውኛል።»

ከቤታቸው የመጣውን ምሳ ገምሰው ግማሹን ሰጡኝ።

ከሰዓት በኋላ መርማሪውን ለማነጋገር ጠየቅኩ። «ንድፉም ትዕዛዙም የእኔ ነው፤ እሳቸው ለምን እንደሚውል አያውቁም» ብዬ ቃሌን አስተካከልኩ። ከሥሩ ፈረምኩ።

«ነገ ልትፈታ ነበር እኮ» አለኝ።

ጋሼ በሦስተኛው ቀን ወጡ። እኔ ሁለት ወር ቆየሁ።

ጥናቱ ዘንድሮ ታተመ። ከመታተሙ በፊት ቶርኖ ቤታቸው ሄጄ የምስጋናውን መስመር አነበብኩላቸው። ማሽኑን አጠፉና እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው በርጩማ አቀረቡልኝ።

«ብረት ካስፈለገህ እሠራልሃለሁ» አሉ። «ስሜን ግን የትም እንዳትጽፈው።»

መስመሩን ሰረዝኩት። ፖሊሶቹ ቱቦውን ሲመልሱልኝ ቤተ ሙከራ አስቀምጬው ነበር፤ ዛሬም እንሠራበታለን። ተማሪዎቼ እያገላበጡ «ማን ነው የሠራው?» ይሉኛል።

አሁን አልናገርም።