አጎቴ የተኮሰው ጥይትና የጋሽ ሐሚድ እግር

ልጅ ሳለሁ፣ በባምባሲ ገጠር በቆሎው እሸት ሲይዝ፣ አመሻሹን ከአጎቴ ከይመር ጋር ማሳ እንጠብቅ ነበር። ከማማው ሥር ፍም ላይ እሸት እየጠበስን፣ ጭሱ ዓይናችንን እየቆጠቆጠው ስንቀመጥ፣ ጎረቤታችን ጋሽ ሐሚድ ኩራዙን አንጠልጥሎ እያነከሰ ይመጣል። ያኔ አጎቴ ተረት ንገረን ሲባል የጅብና የጦጣ ነገር አያወራም፤ ሐሚድን ያቆሰለበትን ቀን ነበር የሚተርክልን፣ ያውም ሐሚድ ራሱ አጠገቡ ሆኖ እየሰማው።

አጎቴ ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ነበረው፤ አንደኛው አፈሙዝ ጫፉ ላይ ጠበብ ይላል። «ጠባቡ ሰብስቦ ይልክልኛል ብዬ ጥይቱ ውስጥ የታጨቀውን ትልልቁን የእርሳስ ፍሬ በሱ ተኮስኩ» ይላል። ያነጣጠረበት ከርከሮ አመለጠ፤ ከማዶ ካለው ማሽላ መሐል ብቅ ያለው ሐሚድ ግን ጭኑን ተመታ። አጎቴ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ አደረሰው። ሐሚድ ሲያገግም አጎቴ ጠመንጃውን ወንዝ ሊጥለው ተነሳ። ሐሚድ የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ነውና በተሰባበረ አማርኛው፣ «አትጣል። መጀመሪያ እሷን እወቅ» አለው።

ሁለቱም ሆነው የሲሚንቶ ወረቀት ኩይሳ ላይ ወጥረው፣ እርምጃ እየለኩ በሁለቱም አፈሙዝ ተኮሱ፤ ቀዳዳውንም ቆጠሩ። ትልልቁ ፍሬ በጠባቡ ሲወጣ ተጋፍቶ እየተጨፈለቀ ወረቀቱ ላይ ተበታትኖ አገኙት። ሰፋ ባለው ግን እስከ ሠላሳ እርምጃ ድረስ አንድ ላይ ያርፋል፣ ይላል አጎቴ።

«ሃያ አምስት» ይላል ጋሽ ሐሚድ ሁልጊዜ። ከዚህ ሌላ እርማት አልነበረውም።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ፣ አንድ ቀን ገና ሳይመሽ ከርከሮዎች ማሳችን ጥግ ገቡ። አጎቴ አነጣጠረ፤ ከዚያ ጠመንጃውን ዝቅ አድርጎ ጥይቱን አወጣ።

«ተኩስ እንጂ፣ አጎቴ!»

«ሩቅ ናቸው። ከዚያ ማዶ ማን እንዳለ አላውቅም፣ ዘይነባ።»

በጩኸት እስክናባርራቸው ብዙ አገዳ ጣሉ። አለቀስኩ። በነጋታው ጠዋት ከማሳው ማዶ ሄጄ ጭቃውን አየሁ፤ አንድም የሰው ዱካ አልነበረም። ተናድጄ ተመለስኩ።

«ማንም አልነበረም እኮ!»

«አለመኖሩን አንቺ ያወቅሽው ዛሬ ነው» አለኝ። «እኔ ደግሞ ማወቅ የነበረብኝ ትናንት ነበር።»

በዚያው ጠዋት ጋሽ ሐሚድ ልጆቹን አስከትሎ፣ መጥረቢያ ይዞ መጣ። ሦስት ቀን ሙሉ እሾህ እየቆረጥን የሁለታችንንም ማሳ በአንድ አጥር ከበብነው፤ የተረፈው በቆሎም ለጎተራ በቃ።

ስለ አፈሙዝ የሰማሁትን አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። አጎቴ ግን ጥፋቱን፣ በጎዳው ሰው ፊት፣ አንዲት ቃል ሳይቀንስ ሲናገር አሁንም ይሰማኛል። ለልጆቼም ይህንኑ ታሪክ ስነግራቸው ኖሬያለሁ፤ ይስሙኝ አይስሙኝ ግን አላውቅም ነበር። ባለፈው ክረምት ትንሹ ልጄ በወረወረው ድንጋይ የጎረቤት ጥጃ እግር ተሰበረ። ማንም አላየውም ነበር። ከገበያ ስመለስ ከባለ ጥጃው ጋር ተንበርክኮ አገኘሁት፤ ልጄ የጥጃውን እግር ደግፎ ይዟል፣ ሰውየው በሸንበቆ ያስራል።

«ራሱ መጥቶ ነገረኝ» አለኝ ሰውየው፣ ቀና ሳይል።