ላንድሮቨሯ ላይ የነበረችው ባንዲራ

ትናንት እዚህ ጀርመን፣ ጊንሃይም በሚባለው ሰፈር፣ ልጄ ቤት ምሳ እየበላን ዜና መጣ። እንግሊዝ ድሮ ነዋሪዎቹን አባርራ የጦር ሰፈር ያደረገቻቸውን የሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች ልትመልስ ተስማምታለች፣ የጦር ሰፈሩ ግን ባለበት ይቆያል አሉ። ክራባት ያሰሩ ሰዎች ተጨባበጡ። ጾሙን ሙሉ ያማረኝ የዚህ አገር አረንጓዴ ሶስ፣ ከነድንቹ ከነእንቁላሉ፣ ሳህኔ ላይ ቀረ። ልጄ ደም ግፊቴን ፈርታ ቴሌቪዥኑን ልታጠፋ ስትነሣ፣ ተይው አልኳት።

እኔ እንዲህ ያለ ስምምነት አውቃለሁ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ሐውድ ውስጥ አስተርጓሚ ነበርኩ። ሐውድ ከጅጅጋ ወዲያ ያለ የግጦሽ አገር ነው። መሬቱ የእኛ ሲሆን፣ ዝናብ ተከትለው ግመሎቻቸውን እየነዱ ከሚገቡት ብዙዎቹ በእንግሊዝ ሶማሌላንድ ሥር ያሉ ዘላኖች ነበሩ። ስለዚህ ሁለቱ መንግሥታት በተዋዋሉት መሠረት አንድ የእንግሊዝ መኮንን አብሯቸው ይዞራል፤ የእኛ ሹም ደግሞ እሱን ዓይን ዓይኑን ያያል። ሶማልኛውን ከሰፈር ልጆች፣ እንግሊዝኛውን ከትምህርት ቤት የለቀምኩት እኔ መሐላቸው እቆማለሁ።

ዝናቡ ጥሎ ቀዩ አፈር በሚሸትበት ሰሞን፣ ዋርሳሜ የሚባል ሽማግሌ ወደ ሰፈራችን መጣ። ጭስ ጭስ የሚል የግመል ወተት እየሰጠ ያሳደረኝ ሰው ነው። ልጁ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነበር። በቃሬዛ አምጥተው ግራር ጥላ ሥር አስተኟት። ሐኪም ያለው ጅጅጋ፣ መኪና ያለው እንግሊዙ ብቻ።

የላንድሮቨሯ አፍንጫ ላይ መሐረብ የምታህል የእንግሊዝ ባንዲራ ነበረች። ሹማችን፣ ካላወረዳት ከተማችን አይገባም አለ። እንግሊዙ፣ ካወረድኳት መብታችንን ለቀቅን ማለት ነው አለ። ወይ ጉድ! ፀሐይዋ አናታችን ላይ እስክትደርስ የእነዚህን ሰዎች ክብር ወዲያና ወዲህ አመላለስኩ። ከግራሩ ሥር የሚሰማው ጩኸት እየደከመ ሄደ።

ሽማግሌው እጅጌዬን ያዘ።

«ምን እየተባባሉ ነው?»

«ስለ መኪናዋ ባንዲራ ነው፣ አባቴ።»

«ልጄ እንዴት ናት ብለው ጠየቁ?»

«አልጠየቁም።»

በመጨረሻ ተስማሙ፤ ባንዲራዋ ሳትወርድ በጆንያ ትሸፈን ተባለ። ጆንያው ሲታሰር ልጅቷ ከነፅንሷ አርፋ ነበር። ሁለቱ ሹማምንት ግን ማታውን አብረው ውስኪ ጠጡ። አስተርጉምልን ብለው ላኩብኝ፤ አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ምንም አላመመኝም፤ ንዴት ነው። እስካሁንም አልበረደልኝም፣ እንዲበርድልኝም አልፈልግም።

የልጅ ልጄ ሣራ አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በጀርመንኛ ነው። ይህን ሁሉ ስተርክ ሹካዋን አስቀምጣ ስታዳምጥ ቆየችና ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረች። ከደሴቶቹ የተባረሩት ሰዎችስ፣ ይስማማችኋል ወይ ብሎ የጠየቃቸው አለ? አለችኝ።

ለዋርሳሜ በሶማልኛ የመለስኩለትን፣ ለእሷ በጀርመንኛ መለስኩላት። አልጠየቁም።