በጋሪ የምትዞር ማሽን

በድሩ ከሚሴ ውስጥ የማይንቀው ነገር ቢኖር የገዛ መዶሻውን ነው። መካኒኩን ይንቃል፤ "የሰው ዕቃ አውልቆ በናፍጣ የሚያጥብ" ይለዋል። ቀለም ቀቢውን ይንቃል። ሾፌሩንማ ከነመኪናው ይንቃል። ከሁሉ አብልጦ የሚንቀው ግን የተጨረመተ ላሜራ በመዶሻ ማቅናት ሲገባው ጉድጓዱን በስቱኮ ሞልቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ ቀለም ለቅልቆ የሚያስረክበውን የሙያ ባልደረባውን ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በስሙ ጠርቶት አያውቅም። "ዳቦ ጋጋሪ" ነው የሚለው።

ከኪሱ የማትለይ ማግኔት አለችው፤ ከተሰበረ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣች ናት። ለባቲና ለሰንበቴ ገበያ የሚወጡት አይሱዙዎች አስፋልት ዳር ቆመው ሲጭኑ ጠጋ ይልና ማግኔቷን በራቸው ላይ ይለጥፋል። ከያዘች ዝም ብሎ ያልፋል። ከወደቀች አጎንብሶ ያነሳትና ሾፌሩን፣ "በርህ ሊጥ ነው፤ ዝናብ ሳይመታው አስጋግረው" ይለዋል። በዚህ የተነሳ ሁለት ጊዜ ተደብድቧል። የሁለቱንም ደብዳቢዎች መኪና ግን ኋላ ሲጋጭ የሠራው እሱ ነው። ሌላ የሚሄዱበት አልነበራቸውም።

እጁ ሌላ ነበር። ይህን ጠላቶቹም ያምናሉ፤ ከጠላት በቀር ብዙ ሰው ስለማያውቅ የምስክር እጥረት የለም። ግመል በርግጫ ያጎደጎደውን በር ከኋላው ብረት ደግፎ፣ ከፊት በትንሽ መዶሻ እያባበለ እንደነበረ ይመልሰዋል። የጎማ መከለያው ፓራፋንጎ ጨርሶ ከተቀደደ ከጠፍጣፋ ላሜራ ቆርጦ፣ የቦርከና ወንዝ አሸዋ በተሞላ የቆዳ ከረጢት ላይ በእንጨት መዶሻ ቀጥቅጦ አዲስ ያወጣል። ሲጨርስ ቀጭን ጨርቅ በላዩ ላይ ጣል ያደርግና ዐይኑን ጨፍኖ በመዳፉ ይዳብሰዋል። ለምን ዐይኑን እንደሚጨፍን ሲጠየቅ፣ "ዐይን ጉቦ ትበላለች" ይላል።

ሙያውን የተማረው ኮምቦልቻ ነው። በ1988 ዓ.ም. ከሚሴ ተመልሶ ዋናው አስፋልት ዳር በቆርቆሮ የተሠራች ቤት ከፈተ። ዐሥራ ሰባት ዓመት እዚያው ቀጠቀጠ። በ2005 ዓ.ም. ደብዳቤ መጣ።

ማኅተሙ ተጨማልቆ ስለነበር የየትኛው ቢሮ እንደሆነ አይለይም። ይዘቱ ግን ይለያል። የመኪና ላሜራ የሚሠራ ማንኛውም ቤት በኤሌክትሪክ የሚሠራ የላሜራ ቅርጽ ማውጫ ማሽን ሊኖረው ይገባል። ማሽኑ የሌለው ቤት ፈቃዱ አይታደስም፣ ቤቱም ይታሸጋል፣ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። መዛኙ በወሩ መጨረሻ ዓርብ ይመጣል።

ከሚሴ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት አራት ነበር፤ ማሽን ያለው ግን አንዱ ብቻ። እሱም ኤርሚያስ ነው፤ ከአዲስ አበባ መጥቶ ከበድሩ ፊት ለፊት፣ ከአስፋልቱ ማዶ ከከፈተ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ማሽኗ ቀይ ናት፤ ቁመቷ የጊደር ያህል። ላይና ታች ያሉ ሁለት የብረት ራሶች አሏት። ፔዳሏ ሲረገጥ ላሜራውን መካከላቸው አድርገው በፍጥነት ይመቱታል። በድሩ ድምጿን በሰማ ቁጥር፣ "ጥርሱ የረገፈ ሽማግሌ ቆሎ ሲያኝክ" እያለ ያሾፋል።

ኤርሚያስ ሞኝ አይደለም። ሌላ ማሽን ለመግዛት አቅም ያለው ሰው በከተማው እንደሌለ፣ መዛኙም አራቱን ቤት በአንድ ጊዜ ማየት እንደማይችል አሰበ። ስለዚህ ማሽኗን ለዚያች ዓርብ አከራያት። መዛኙ አንድ ቤት ጨርሶ ለስላሳ ሲጋበዝ፣ እሷ በሸራ ተሸፍና በዓብዱ የፈረስ ጋሪ በጓሮው መንገድ ወደሚቀጥለው ቤት ትሄዳለች። በጋሪና በመጋረጃ ስለምትሄድ ከተማው "ሙሽራዋ" አላት። ከመዛኙ በቀር ወሬውን ያልሰማ የለም።

በድሩ ሲሰማ እስኪያስለው ሳቀ። ማታ ግን ሚስቱ አሻ አላሳቀችውም። በርበሬ ነጋዴ ናት፤ ቃል አታባክንም።

"አንተ መናቁን ናቅ። ቤቱ ሲታሸግ ግን ንቀትህን የት ልታስቀምጠው ነው? እኔ ጋ ቦታ የለም፤ በርበሬ ሞልቶበታል።"

"ዐሥራ ሰባት ዓመት በዚህ እጅ ነው ያበላሁሽ።"

"አልሀምዱሊላህ። መዛኙ እጅህን አይደለም የሚቆጥረው። ማሽን ነው የሚቆጥረው።"

ልጃቸው ሱዓድ ከወዲያ ጥግ ተቀምጣ ነበር። ሃያ ዓመቷ ነው። ቴክኒክና ሙያ ገብታ የብረታ ብረት ሥራ ተምራ ከተመረቀች ስድስት ወር አልፏታል። ስድስቱንም ወር አባቷን ሥራ አስገባኝ ስትለው፣ እሱም "ወረቀት ይዞ የመጣ ወረቀት ይሥራ" ሲላት ከርመዋል።

"አባ፣ ማሽኗን ትምህርት ቤት ሠርተንባታል" አለች። "ክፉ አይደለችም።"

"ዳቦ ጋጋሪም ክፉ አይደለም። ሥራው ነው ክፉ።"

ቢሆንም በማግስቱ አስፋልቱን ተሻገረ። ለመለመን የሄደ አይመስልም ነበር፤ ዕዳ ሊጠይቅ የሄደ ነው የሚመስለው። ኤርሚያስ ቱታውን እየጠረገ ብድግ አለለት።

"ጋሽ በድሩ! እንኳን ደህና መጡ። እርስዎ ጋ መጨረሻ ላይ ነው የምትደርሰው። ኑ፣ አምስት ደቂቃ ላሳይዎት። ፔዳሏ ቀስ ተብሎ ነው የሚረገጠው፤ ላሜራውን ደግሞ አይጫኑትም፣ እንዲሁ ይመሩታል።"

"የልብስ ስፌት ልታስተምረኝ ነው?"

"መዛኙ ምናልባት አሠሩት ካለ ብዬ ነው።"

"እኔ ብረት ስሠራ አንተ ጡት ትጠባ ነበር። ፔዳል መርገጥ ካቃተኝ ቅበረኝ።"

ኤርሚያስ ትከሻውን ሰበቀ። የተቀሩት ሁለቱ ቤቶች በዚያ ሳምንት ተራ በተራ እየመጡ ተማሩ። በድሩ ከማዶ ቆሞ ሲመላለሱ እያየ፣ "ዳቦ ጋጋሪዎች ትምህርት ቤት ገቡ" አለ።

ዓርብ መጣ። መዛኙ ብርሃኔ ይባላል። በከሚሴ ሙቀት ክራቫት አስሯል፤ በክንዱ ሥር የወረቀት መያዣ አቅፏል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ኤርሚያስ ጋ፣ ቀጥሎ ሁለቱ ጋ ዞረ። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ወደ በድሩ ሊመጣ ሲነሳ ሌላ ለስላሳ ቀረበለት፤ ጋሪው ገና ስላልደረሰ ነው።

ዓብዱ በጓሮ በኩል ገብቶ ፈረሱን አቆመ።

"አካም ጅርታ፣ ያ በድሩ! ሙሽራዋን አምጥቻለሁ። ሚዜዎቹ የት አሉ?"

"ስንት ባል ፈትታ መጣች?"

"ከጠዋት ጀምሮ ሦስት። አንተ አራተኛ ነህ። የፍቺ መቆያ ዒዳዋን እንኳን አልጠበቀችም!"

አራት ሰው ሆነው አወረዷት። በድሩ አንድ እጁን ብቻ ነው የሰጣቸው። ሸራውን ገፈው መስመር ላይ ሲሰኳት ብርሃኔ በፊት በር ገባ።

ማሽኗን ዞሮ አያት። ሞተሯን በመዳፉ ነካና እጁን መለሰ።

"ትኩስ ናት።"

"ቆላ ነው፣ ጌታዬ" አለ ዓብዱ። "እዚህ ሁሉም ትኩስ ነው።"

"ዛሬ ያየኋቸው ሁሉ ቀይ ናቸው። ሁሉም እግራቸው ላይ ተጭረዋል፤ ያውም እዚያው ቦታ ላይ።"

አሻ ከበሩ ላይ ቆማ በልቧ ዱዓ ታደርጋለች። በድሩ ግን ደስ አለው። ውሸቱ ሊፈርስ ነው፤ ሲፈርስ ደግሞ የሚናገረውን አዘጋጅቷል፦ እኔ ማሽን አያስፈልገኝም፣ አንድ ላሜራ ስጠኝና በእጄ እያየኸኝ ፓራፋንጎ ላውጣልህ፣ ከዚያ ማን እንደሚታሸግ እናያለን።

ብርሃኔ እስክሪብቶውን አወጣ። "ፎርሙ የሚጠይቀው ማሽን አለ ወይስ የለም ነው። ይኸው፣ አለ።" ምልክት አደረገ። "ስንት ባለቤት እንዳላት አይጠይቅም። አሁን አንቀሳቅሰው ያሳዩኝ።"

በድሩ ለዚህ አልተዘጋጀም።

የሸሚዙን እጅጌ ሰበሰበ። የክንድ ርዝመት ያላት ላሜራ አንስቶ በሁለቱ ራሶች መካከል አስገባ። ፔዳሏን መዶሻ በሚያነሳበት ጉልበት ረገጣት። ላሜራውንም በሁለት እጁ ወደ ታች ተጫነው። ማሽኗ አጓራች። ላሜራው አንድ ቦታ ላይ ተለጥጦ ሳሳ፣ ጠርዙ ተቆለመመ፣ በመጨረሻም መሐሉ ተበሳ። ከእጁ አምልጦ ሲሽከረከር እጅጌውን ቀደደው። ዓብዱ ወደ ፈረሱ ዞረ፤ ሳቁን ለፈረሱ ነው የሳቀው።

በድሩ የተበላሸውን ላሜራ አንስቶ አሳየ። "ይኸው። ማሽን የሚያውቀው ይህን ነው።"

"ማሽኗ ጠዋት ሦስት ጊዜ በትክክል ሠርታለች" አለ ብርሃኔ። ምን እንዳመለጠው ሲገባው አፉን ጠረገ። "ማለቴ፣ እንዲህ ያለች ማሽን። ችግሩ እርስዎ ናቸው።"

"በእጄ ላሳይህ።"

"በእጅ የሚል ሳጥን የለኝም፣ አባቴ። ባለሙያው ማሽኑን አያውቅም ብዬ ከጻፍኩ ቤቱ ሰኞ ይታሸጋል።"

በድሩ ማዶ አየ። ኤርሚያስ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ቦታው ለሌላ ይሰጣል የሚለው የደብዳቤው ቃል ለማን እንደሆነ ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም።

ሱዓድ ሻሿን ወደ ኋላ አጥብቃ አስራ ገባች። አባቷን አላስፈቀደችም። ሌላ ላሜራ አነሳች። ፔዳሏን በእግር ጣቶቿ ጫፍ ነካች። ላሜራውን ሳትጫነው ወዲህና ወዲያ እየመራች አሳለፈችው። ዐሥር ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ጠፍጣፋው ብረት እንደ ቅል ግማሽ ጎብጦ ወጣ።

በድሩ ተቀበላት። ጨርቁን ጣል አድርጎ፣ ዐይኑን ጨፍኖ ዳበሰው። ከዳር እስከ ዳር ሄደ፤ ተመለሰ። ጥፋት ሲፈልግ ሁሉም ሰው አየው። በስተቀኝ በኩል መዳፉ ቆመ።

"እዚህ ጋ!" አለ፤ ፊቱ በራ። "እብጠት! የምስር ፍሬ ታክላለች። ወላሂ አለች።"

ሱዓድ በጣቷ ነካችው። "እውነቱን ነው። አለች።"

ብርሃኔም ነካው፤ ምንም አልተሰማውም። "የምስር ፍሬ የሚልም ሳጥን የለኝም" አለ። ወደ ሱዓድ ዞረ። "ማሽን አለ። ማሽኑን የሚያውቅ ባለሙያም አለ። ቤቱ ያልፋል። ስምሽ?"

"ሱዓድ በድሩ።"

ጻፈ። ቀጥሎ እስክሪብቶው ቆመ። "አንድ ረዳትም ያስፈልጋል። ረዳቱ ማን ነው?"

ፈረሱ ጅራቱን አወራጨ።

"ባዶ ልተወው?" አለ ብርሃኔ። "ባዶ ከሆነ ግን አያልፍም።"

በድሩ እንዲህ ያለ ስድብ ከሾፌር ቢሰማ ኖሮ ማግኔቷን አውጥቶ ይወረውርበት ነበር። ወረቀቱ ግን ሾፌር አይደለም፤ አይደበደብም፣ አይሰደብም፣ ዞሮም ለሥራ አይመጣም። አሻን አያት። አሻ የምታየው ወረቀቱን ነበር።

"በድሩ ሙሀመድኑር" አለ። "ጻፈው።"

"ረዳት ብዬ ነው የምጽፈው።"

"ሰማሁህ። ጆሮዬ ገና አልተመዘነም።"

በተጠቆመው ቦታ ላይ ፈረመ። ፊርማው ወረቀቱን በሳው።

ብርሃኔ እንደሄደ ዓብዱ ማሽኗን ጭኖ ወደ ጌታዋ መለሳት። ከዚያ ወዲያ ለምንም ሥራ ወደ በድሩ ቤት አልመጣችም፤ የሚቀጥለው ምዘና እስኪደርስ ማንም አልፈለጋትም። ፎርሙም አልፈለጋትም።

አመሻሽ ላይ ሱዓድ አባቷ ፊት ቆመች።

"አባ፣ ነገ ስንት ሰዓት ልግባ?"

"ባለሙያዋ አንቺ አይደለሽ? ረዳት ይጠየቃል?"

"እንግዲያው ሁለት ሰዓት እገባለሁ" አለች። "አንተ ግን አንድ ሰዓት ላይ ግባና ጥረግ።"

አሻ በርበሬው አፍንጫዋ እስኪገባ ድረስ ሳቀች። በድሩ ገብቶ ተኛ።

በማግስቱ አንድ ሰዓት ላይ ቤቱ ተጠርጎ ነበር። ጥራጊው ተሰብስቦ የተከመረው ከአስፋልቱ ማዶ፣ ኤርሚያስ በር ላይ ነው።