የተጨመቀው ጀሪካን

ከማሉዲን ሰው ለማመን ጊዜ ይወስድበታል፤ ሞተር ግን ገና በድምፁ ያምናል። ከኡጋንዳ ድንበር በኒሙሌ መንገድ የሚመጣ ባለ ተሳቢ መኪና ዳገት ሲይዝ ጆሮውን ይቀስርና ስንት ሲሊንደር እንዳለው፣ ምን ያህል እንደተጫነ፣ ሹፌሩ ሳይቀር እንቅልፍ የመጣበት ይሁን የነቃ ይናገራል። ልክ ይሁን አይሁን ወጥቶ ያጣራ የለም።

ጁባ ውስጥ፣ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ዱቄትና ስኳር በጅምላ ይሸጣል። ቤቱ ሙኑኪ ሰፈር ነው፤ አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይቶ ከሚስቱ ከጀውሀራ ጋር ይኖራል። ጀውሀራ ደግሞ በአንድ ትልቅ ፍሪዘር ዓሣ እያቀዘቀዘች ለሰፈሩ ምግብ ቤቶች ታስረክባለች። የከተማው መብራት የለም ከሚባልበት ደረጃ ስለደረሰ ፍሪዘሩ የሚኖረው በጄኔሬተር ነው። ጄኔሬተሩ ባለ ሁለት ሲሊንደር አሮጌ የናፍጣ ሞተር ነው፤ ከማሉዲን "ጉልቤ" ብሎ ሰይሞታል። ቤንዚን የሚጠጡትን የጎረቤት ትንንሽ ጄኔሬተሮች "ትንኞች" ይላቸዋል። ጉልቤ ሲነሳ የግቢው ቆርቆሮ አጥር ይንቀጠቀጣል፤ ጀውሀራ ራሷን ይዛ ትወጣለች፤ እሱ ደግሞ ሙዚቃ እንደሚሰማ ሰው ዓይኑን ይከድናል።

በዚያው ግቢ፣ ከማዶ ያለውን ክፍል የተከራየው በድሉ ነው። ሹፌር ነው፤ የሚነዳት የጭነት መኪና ከግቢው በር ውጭ ስትቆም ሰፈሩን ታጠብባለች። ጠዋት ጠዋት በድሉ ሞተር ሲያሞቅ ከማሉዲን የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ይወጣል። መዳፉን ኮፈኗ ላይ ያሳርፍና ዝም ብሎ ይቆማል።

"እንደ በግ እየዳሰስካት ነው፤ ልትገዛት ነው?" ይለዋል በድሉ ከጋቢናው።

"ንዝረቷን እያየሁ ነው። አራተኛው ሲሊንደር ትንሽ ያኮረፈ ይመስለኛል።"

"እሱ ሳይሆን እኔ ነኝ ያኮረፍኩት፤ ቁርስ አልበላሁም።"

በታኅሣሥ ተኩስ የተነሳ ጊዜ ሁለቱ ቤተሰቦች በአንድ ክፍል ወለል ላይ ተኝተው ሰንብተዋል። ዱቄቱ የከማሉዲን፣ ውሃው የበድሉ ነበር። የበድሉ ሚስት ኤልሳቤጥ ጴንጤ ናት፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስትጸልይ ጀውሀራ ከጎኗ "አሚን" ትል ነበር። ነገሩ ጋብ ሲል ከማሉዲን ከጉልቤ አንድ ሽቦ ጎትቶ ለበድሉ ቤት አስገባ። ሁለት አምፖልና አንድ ማራገቢያ። ስለ ሽቦው ያኔም ሆነ ከዚያ በኋላ ተነጋግረው አያውቁም።

ታዲያ ዓመት ከመንፈቅ አልፎ ነዳጅ ከከተማው ጠፋ። ማደያው በሰልፍ ተጨናነቀ፤ ናፍጣ በየመንገዱ ዳር በውሃ ፕላስቲክ ይሸጥ ጀመር። ያን ጊዜ ነው ከማሉዲን ናፍጣው ቶሎ ቶሎ የሚያልቅበት መስሎ የታየው።

የጉልቤ ታንከር ከዛገ ቆይቷል። ናፍጣ የሚጠጣው ከቢጫ ጀሪካን ነው፤ ከጀሪካኑ ሥር ቀጭን ቱቦ ወጥቶ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። ከማሉዲን ለጀሪካኑ የብረት ሳጥን አሠራ። ከላይ እጅ የምታስገባ ትንሽ በር፣ በሩ ላይ ጓጉንቸር፣ ቁልፉ አንገቱ ላይ። ይህም አልበቃው አለና ከአሮጌ የመኪና ከለመዳሪ ክብ ጎማ ቆርጦ ክዳኑ ውስጥ አስገባ፤ ሁለት እጁ እስኪዝል አጠበቀው። የናፍጣ ሞተር ጠላቱ ንፋስ መሆኑን ማን ይነግረዋል? መስመሩ ውስጥ የገባ ንፋስ ለማስወጣት ስንት ጁምዓ ከሰዓት ተንበርክኮ ብሎን ሲያላላ ውሏል። እና አሁን ሌባም ንፋስም በአንድ ጎማ ተዘጋባቸው። እጁን ጠርጎ፣ ረክቶ ገባ።

በማግሥቱ ጉልቤ ሥራ ላይ እያለ ጠፋ።

ከማሉዲን ፊልትሮ ቀየረ። ኖዝሎቹን ፈትቶ አጠበ። ቱቦውን በአፉ ነፋው፤ ናፍጣ ዋጠና እራት ሳይበላ ተኛ። አንድ ብሎን አሸዋ ውስጥ ወደቀ ብሎ ግቢውን ሲያስፈትሽ ዋለ፤ የተገኘው ከራሱ ጫማ ውስጥ ነው። ሁሉን ገጥሞ ሲጨርስ አንዲት ቀለበት ተረፈች።

"ይቺ ምርቃት ናት?" አለችው ጀውሀራ ቀለበቷን በሁለት ጣት አንስታ።

"አስቀምጫት።"

"ባለሙያ ብትጠራ ምናለ?"

"ባለሙያ አንዱን ሠርቶ ሁለት ዕቃ ቀይሮብኝ ይሄዳል። አውቃቸዋለሁ።"

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ከማሉዲን ሱቅ ሲውል ጉልቤ ይጠፋል። ጀውሀራ ትደውላለች፤ እሱ በቦዳቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ ይበራል። ደርሶ ጓጉንቸሩን ይከፍታል፣ ክዳኑን ይፈታና ናፍጣው መኖሩን በእንጨት ይለካል፣ መልሶ ያጠብቃል፣ የማስነሻውን እጀታ ያዞራል። ጉልቤ ምንም እንዳልተፈጠረ ይነሳል። አጠገቡ በተቀመጠ ቀን ደግሞ ምንም አይሆንም፤ ምክንያቱም በየመሃሉ እየተነሳ ክዳኑን ፈትቶ ይለካል።

"እኔ ስኖር አይጠፋም" አለ ለጀውሀራ። "እንግዲህ የሚያጠፋው ሰው አለ ማለት ነው።"

መጀመሪያ የጠረጠረው የመንገድ ዳር ናፍጣ ሻጩን ነበር፤ ውሃ ቀላቅሎ ይሆናል። ቀጥሎ ውሃ የሚያመላልሰውን ሰውዬ። የአከራያቸው ፍየል እንኳ ለአንድ ቀን ያህል ከጥርጣሬው አላመለጠችም። በመጨረሻ ዓይኑ በድሉ ላይ አረፈ፤ አርፎም ቀረ።

በድሉ መኪናዋ ጭነት አጥታ በመቆሟ ቀኑን ሙሉ ግቢ ነው። ናፍጣ በቱቦ ስቦ ማውጣት ደግሞ ለሹፌር ምኑ ነው? ልብሱ ሁልጊዜ ናፍጣ ይሸታል። ድሮም ይሸት ነበር፤ አሁን ግን ከማሉዲን ሽታውን መለየት ጀመረ። አንድ ቀን ከሱቅ ድንገት ሲመለስ በድሉ እጁን የብረት ሳጥኑ ላይ አስደግፎ፣ አንገቱን አዘንብሎ ቆሟል።

"ምን ፈለግህ እዚህ?"

"እያዳመጥኩት ነው። ይሄ ሰውዬ ይታፈናል።"

"ይታፈናል?"

"ትንፋሽ ያጥረዋል። ክዳኑን…"

"ክዳኑ ምን ሆነ?" ከማሉዲን ሳያስበው አንገቱ ላይ ያለውን ቁልፍ ያዘ።

በድሉ እጁን አየና፣ ቁልፉን አየና፣ የጀመረውን ሳይጨርስ ወደ ቤቱ ገባ።

በዚያው ምሽት ከማሉዲን ሽቦውን ቆረጠ። የበድሉ ሁለት አምፖሎች ጠፉ፤ ማራገቢያው ጥቂት ዞሮ ቆመ። ማንም ወጥቶ አልጠየቀም። ኤልሳቤጥ ሻማ ስታበራ በመስኮት ታየች፣ በቃ። ጠዋት በድሉ መኪናዋን ሲያሞቅ ከማሉዲን ሻዩን ውስጥ ቁጭ ብሎ ጠጣ። መዳፉ በላው።

ቅዳሜ ጉልቤ እንደገና ሲጠፋ ቱርር ብሎ ሄደና፣ በንዴት የሳጥኑን ብሎኖች ፈትቶ ብረቱን ከነጓጉንቸሩ አነሳው። ጀሪካኑን ሙሉ አካሉን ያየው ያን ጊዜ ነው። ጎንና ጎኑ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ጥርሱ እንዳለቀ ሽማግሌ ጉንጩ ሰርጉዷል። ሰው ጨምቆታል።

"ማስረጃ" አለ።

"ከማል፣ ዓሣው ይቀልጣል፤ አስነሳልኝ" አለች ጀውሀራ።

"ማንም እንዳይነካው። ሐጂ ከቢር ሳያዩት ክዳኑ አይከፈትም።"

ሐጂ ከቢር የሐበሻ ነጋዴዎችን ጠብ የሚሰሙ ሽማግሌ ናቸው። እሁድ ከዙሁር ሰላት በኋላ መጡ። በድሉ ከቸርች እንደተመለሰ ከነሱፉ ተጠርቶ ከኒሙ ዛፍ ሥር ተቀመጠ።

"ከማል ቅሬታ አለኝ ብሎ ነው የጠራኝ" አሉ ሐጂ።

"ይናገር ሐጂ። አምፖሌ ከጠፋ ጀምሮ ከሱ የሰማሁት ነገር የለም።"

ከማሉዲን ቆመ። "ይዩት ሐጂ። ጀሪካን በራሱ እንዲህ ይሆናል? ግራና ቀኝ ይዘው ጨምቀውታል። የጠነከረ እጅ ነው።" የበድሉን እጅ አላየም፤ ሌሎቹ ግን አዩ።

"ሳጥኑ ተቆልፎ ነበር?"

"ተቆልፎ ነበር።"

"ቁልፉስ?"

"አንገቴ ላይ።"

"ታዲያ ሰውየው በየት ገባ?"

"እሱን እንዲነግረኝ ነው የምፈልገው።"

ሐጂ ጺማቸውን ዳሰሱ። "ክፈተው እስቲ፤ ምን ያህል ወስዶብሃል?"

ከማሉዲን ክዳኑን በሁለት እጁ ጠመዘዘ። ጀሪካኑ "ሽሽሽ" ብሎ ከሩቅ ሮጦ እንደመጣ ሰው አየር ሳበ። ጎኑ ተነፋ፣ ተነፋ፣ ከዚያም "ጓ" ብሎ ወደ ድሮ ቅርጹ ተመለሰ። ፍየሏ ዘላ ሸሸች።

"አዑዙ ቢላህ" አሉ ሐጂ ወንበራቸውን ወደ ኋላ እየገፉ። "ምንድነው ይሄ?"

ከማሉዲን ከለመዳሪው ጎማ ያለበትን ክዳን እንደያዘ ቀረ። ሞተር ባይወድ ኖሮ አይገባውም ነበር። ሙቀት ነው ሊል ይችላል፤ በጁባ ፀሐይ ሁሉም ሰው ያምነዋል። ሐጂ ያምናሉ፣ ጀውሀራም ታምናለች። ቀና ሲል በድሉ የጫማውን ጫፍ እያየ ነው። ሃያ ዓመት መኪና የነዳ ሰው ነው፤ ገብቶታል። ግን እየጠበቀው ነው።

"ሌባ የለም ሐጂ" አለ ከማሉዲን። ድምፁ ከራሱ የወጣ አልመሰለውም። "ናፍጣ ሲወጣ በቦታው ንፋስ መግባት አለበት። እኔ በዚህ ጎማ ደፈንኩት። ሞተሩ ይስባል፣ ይስባል፣ ሲያቅተው ይጠፋል። እኔ መጥቼ ስለካ ሳላውቀው አስተነፍሰዋለሁ።"

"የጨመቀው ማነው ታዲያ?"

"ጉልቤ ነው፤ ከውስጥ። ያፈነው ደግሞ እኔ።"

"በድሉን ለምን አስጠራኸው?"

"ልከሰው ነበር።"

ኤልሳቤጥ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ውስጥ ገባች። እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አልታወቀም።

"ይታፈናል ብዬህ ነበር" አለ በድሉ።

"የምትቀልድ መስሎኝ። አይደለም፤ የምትቀልድ እንኳ አልመሰለኝም። የምትሰርቀኝ ነው የመሰለኝ። አፉ በለኝ።"

በድሉ ኮቱን አወለቀ፣ አጥፎ ወንበሩ ላይ አስቀመጠ። "ያኔ ወለል ላይ ተኝተን" አለ፣ "ዱቄትህ ከራስጌዬ ነበር። አንድ ቀን አልቆጠርከውም።"

"አልቆጠርኩም።"

"እሱ ነው የገረመኝ።"

ሐጂ ከቢር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እኔ የመጣሁት ለክስ ነበር። ለእርቅ ከሆነ በባዶ ሆድ አይሆንም።"

"ዓሣው እንደሁ ቀልጧል" አለች ጀውሀራ፤ ከትናንት ጀምሮ ስትጠብቃት የነበረች ንግግር ናት። "ዓሣ ደግሞ ያረደው ማነው አይባልም፤ ለሁላችንም ይሆናል። ኤልሳቤጥ፣ ነይ አግዢኝ።"

ዓሣው እስኪጠበስ ከማሉዲን ጎማውን አውጥቶ ክዳኑን በምስማር በሳ። በድሉ ሽቦውን ራሱ ቀጠለ፤ ማስነካትም አልፈለገም።

"ቀዳዳዋ ጠባለች፤ ሌላ ድገም" አለው።

"ትበቃዋለች። ከሰፋች ማን ያውቃል…"

በድሉ የሽቦ ፕላስተሩን ከጥርሱ ላይ አውርዶ አየው። ከዚያ ሽቦው ከተቆረጠበት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ከማሉዲን ተሽኮርምሞ ቁልፉን ከአንገቱ አወጣ። "እኔ ቀን ቀን ሱቅ ነኝ። አንተ ጋ ይሁን።"

ማክሰኞ ለመኪናዋ ጭነት ተገኘ። በድሉ ሞተሯን አስነስቶ ጠበቀ፤ ጋዝ ሁለቴ ሰጣት። ከማሉዲን ብርጭቆውን ይዞ ወጣ፣ መዳፉን ኮፈኗ ላይ አሳረፈ፣ ዓይኑን ከደነ። ስለ አራተኛው ሲሊንደር ምንም አላለም። መኪናዋ ሄደች፤ እሱም ድምፅዋ ከሰፈሩ ጫጫታ ጋር እስኪቀላቀል ቆሞ አዳመጠ።

ሲገባ ጀውሀራ እንጨት ይዛ፣ ተመልሶ የተቆለፈው ሳጥን አጠገብ ቆማለች። "ናፍጣ ልለካ ነበር። ቁልፉ የት አለ?"

ከማሉዲን አንገቱን ዳሰሰ። ቁልፉ በዚህ ሰዓት የኒሙሌን መንገድ ይዟል፤ የበድሉ ጋቢና ውስጥ እየተንጠለጠለ።

"በድሉ ጋ" አለ።

"ይዞት ሄደ?"

"ይመጣል። ክዳኑ ቀዳዳ አለው፤ ጉልቤ አይጠፋም።"

ጀውሀራ እንጨቱን ዝቅ አድርጋ፣ ባሏን ከእግር እስከ ራሱ፣ ሌላ ሰው እንደሆነባት ሁሉ፣ በጥርጣሬ አየችው።